የኅዳር ሚካኤል አርባ ደቂቃ

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ገደማ፣ አንዲት ባለ አንድ ሞተር የማሠልጠኛ አውሮፕላን በመንዝ ጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ወደቀች። አሠልጣኙና ሠልጣኙ ነበሩባት። ሁለቱም ሞቱ። እሳት አልተነሣም።

በዚያ ሰዓት እዚያው መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ነበርኩ። የሄድኩት ለሌላ ወሬ ነው፤ ክረምቱ የወሰደው ድልድይ እስከ ኅዳር ለምን እንዳልተሠራ የሚመለከተውን ኃላፊ ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ኃላፊው ሚካኤልን ሊያነግሡ ሄደዋል ተባልኩና ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሹፌር ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። ጓሳ ላይ አውሮፕላን ወድቋል ብለው ደውለውለታል። እሱ አላመነም።

«ባለፈው ምጥ ጠንቶባታል ብለው ጠርተውኝ ገንፎ ሲበላ ነው የደረስኩት» አለኝ።

አብሬው ልሂድ ብዬ ጠየቅሁት። ከሞተሩ ቀጥሎ የሚጮኸው በር ያንተው ነው፣ ያዘው አለኝና ተነሣን።

መኪናው የወሰደን እስከ ጓሳው ጠባቂዎች ቤት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ቃሬዛውን ሁለት ጎልማሶች ተሸክመው በእግር ቀደሙ፤ እኔ ፈረስ ካላቸው አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ጋር ቀረሁ። እሳቸው ልጓሙን ይዘው እየመሩ እኔ ተቀመጥኩ። እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አትንጠልጠል፣ ተደላደልበት እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ጋዜጠኛ የሚፈጥነው ለካ ወረቀት ላይ ነው አሉ። ዘንድሮ ሣሩ ዝግ መሆኑን፣ ማጭድም ሆነ ከብት እንዳይገባ ሽማግሌዎቹ መከልከላቸውን፣ ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ይግባ መባሉን በመንገድ ነገሩኝ። አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አልፈን ጉብታው ላይ ስንወጣ የአውሮፕላኗ ጅራት ታየ። ነጭ ነበር። ሰውየው ቆባቸውን አውልቀው ያዙ፤ ከዚያ በኋላ አልቀለዱም።

ማስታወሻ ደብተሬን ሁልጊዜ ለሁለት ነው የምከፍለው። በግራው ገጽ በዓይኔ ያየሁትን፣ በቀኙ ሰው የነገረኝን እጽፋለሁ። የዚያን ቀን የግራው ገጽ ይኸውና፦ «ሰባት ሰዓት ከአምስት። አፍንጫዋ መሬት ውስጥ ገብቷል። ግራ ክንፏ ከሥሩ ተገንጥሎ ዐሥራ ስምንት እርምጃ ርቋል። ጅራቷ ሙሉ። የነዳጅ ሽታ። ሁለት አስከሬን፣ ሁለቱም ባና ለብሰዋል፤ ባናዎቹ የጠባቂዎቹ ናቸው። ነፋስ ከምዕራብ፣ ብርቱ። ከቆላው በኩል ጭጋግ እስከ ጠርዙ ድረስ ቆሟል፤ ሜዳው ላይ ግን ፀሐይ ነው።»

በቀኙ ገጽ የሁለት ጠባቂዎች ቃል አለ። ለየብቻ ነው የጠየቅኋቸው። አንደኛው አውሮፕላኗ ከጓሳው ሥር ካለው ቤተ ክርስቲያን በኩል ዝቅ ብላ መጣች፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ወደ ግራ ዞረች፣ እየዞረች ሳለ አንዱ ክንፏ ቁልቁል ሆነ፣ ከዚያ አልተቃናችም አለ። ሁለተኛውም ይህንኑ አለና አንድ ነገር ጨመረ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይጮህ ነበር። ሞተር ጠፍቶ ነው የሚል ወሬ ማታውኑ በከተማ ሲወራ ይህን ቃል ይዤ ስለነበር አልጻፍኩትም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብዙ ሰው መጣ። ከፊት የሚሄዱት ቄስ ነበሩ። ካባውን አውልቀዋል፤ ጥምጥማቸው አለ። የሠልጣኙ አባት መሆናቸውን ባለፈረሱ ሰው በጆሮዬ ነገሩኝ። ከጓሳው ሥር ባለችው የሚካኤል ደብር ያገለግላሉ፤ የዚያን ዕለት ታቦቱን አክብረው የወጡት እሳቸው ናቸው። ወሬው የደረሰው ታቦቱ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ነው።

ማን የቱ እንደሆነ አልጠየቁም። ጫማውን አይተው ወደ አንደኛው ሄዱና ባናውን ከፊቱ ገለጡ። መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄደው እሱንም ገለጡና ባረኩት። ሲነሡ ማንን እንደሚጠይቁ ሳይለዩ «ልጄ በየት በኩል ነበር የተቀመጠው?» አሉ።

ጠባቂው በግራ በኩል ነው ያወጣነው አላቸው።

«ግራው የማን ነው?»

የሠልጣኙ ቦታ መሆኑን፣ መሪው ግን በሁለቱም በኩል እንዳለና አሠልጣኙም እኩል ሊይዘው እንደሚችል እኔ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። በኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ ይህን ሳይጠይቅ ሲያልፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አስከሬኖቹ ለምርመራ ተወስደው በአራተኛው ቀን ተመለሱ። አሠልጣኙ በአገሩ ተቀበረ። ሠልጣኙ አባቱ በሚያገለግሉበት ደብር፣ ከቅጽሩ ውስጥ ተቀበረ። ለቀብሩ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ታቦት ከወጣ በኋላ ከላይ ማን ያልፋል የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው። ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ አንድ ሰው ነው ያነሣው። ልጁ ለእልልታ ብሎ በአባቱ ራስ ላይ፣ አባቱ ታቦት ተሸክመው ሳለ፣ ሁለት ጊዜ በረረ፤ በሁለተኛው ሚካኤል ቀጣው አለ።

ከፊቱ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዞር ሳይሉ «አንተ የጥምቀት ለት ሰክረህ ከታቦቱ ፊት ስትዘረር የመታህ ማን ነበር?» አሉት።

አጠገባቸው የነበሩት ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሰውየው ግን አላፈረም። እኔ ተነሥቻለሁ አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ለአርባው ተመልሼ ሄድኩ። ጋዜጣው ስለ አደጋው መንሥኤ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ይፈልግ ነበር። ደብሩ ስደርስ ቄሱ ከቀብሩ ወዲህ መቅደስ ገብተው እንደማያውቁ ሰማሁ። አሞኛል ይላሉ። ጠበል የሚጠይቃቸው፣ ልጅ የሚያስጠምቅ ወደ ሌላው ቄስ ይሄዳል። የነፍስ ልጆቻቸው ከሆኑት ቤቶች አንዱ ሌላ ንስሐ አባት ይዟል። ይህን የነገሩኝ የደብሩ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ሰው ናቸው። ለምን ሆነ ስላቸው ሰው ፈርቶ ነው አሉኝ። ልጁን ታቦት የጣለበት ሰው እጁን በልጄ ራስ ላይ ይጫን ወይ ነው ነገሩ።

በሁለት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ጠየቅሁ። ዘጠኙም አውሮፕላኗ ስታልፍ ታቦቱ ወጥቶ ነበር አሉኝ። ስድስቱ «በአባቱ ራስ ላይ» የምትለውን ቃል እንዳለች ተናገሯት። የት ቆመው እንዳዩ ስጠይቃቸው ግን አንዱ ከምሥራቅ በር፣ ሌላው ከምዕራብ፣ ሌላው ከዋርካው ሥር ይላል፤ በዚያ ግቢ ያለው ጽድ እንጂ ዋርካ አይደለም። ቄሱ ያን ጊዜ የትኛው ዙር ላይ ነበሩ የሚለውን ለመመለስ ደፍሮ የጀመረ የለም። ሰው ዋሽቶኛል አልልም። ግን ሥራዬ ስለሆነ አንድ ወረቀት፣ ወይም አንድ ሥዕል ፈለግሁ።

ያገኘሁት ከትምህርት ቤቱ መምህር ዘንድ ነው። ወጣት ነው፣ የመርሐቤቴ፣ የዓለም ከተማ ልጅ፣ ከተመደበ ሁለት ዓመቱ። በስልኩ ቀርጾታል። እስከዚያ ቀን ለምን እንዳላሳየ ስጠይቀው ሳቀ።

«መንዝ ላይ መርሐቤቴ ባዕድ ነው፣ ጋሼ። የታቦት ነገር ላይ የሰው አገር ሰው ምን አፍ አለው?»

ቪዲዮው አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። የተጀመረበት ሰዓት አራት ከስድስት ይላል። የስልኩን ሰዓት ከኔው ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነበር። ሲጀምር አውሮፕላኗ አንድ ጊዜ አልፋ ሄዳለች፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ሰዎች ከጽዶቹ ሥር እየወጡ ወደ ላይ ያያሉ። አንዲት ሴት የቄሱ ልጅ ነው ትላለች። ከዚያ ድምፁ እየቀረበ ይመጣና አውሮፕላኗ ከጽዶቹ ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ታልፋለች። እልልታ። መምህሩ ሊከተላት ስልኩን ሲያዞር የመቅደሱ በር ይታያል። ዝግ ነው። ከበሩ አጠገብ የታቦቱን ጥላ የሚይዘው ዲያቆን ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ጥላው ተጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ነው። አውሮፕላኗ ከጉብታው ጀርባ ትሰወራለች። ድምፅዋ ጥቂት ይቆይና ይጠፋል። ሰው ተመልሳ ትመጣለች ብሎ አንጋጦ ይጠብቃል። ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ከሄደ በኋላ ደወሉ ይመታል፤ ዲያቆኑ ተነሥቶ ጥላውን ይዘረጋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ቄሱ ታቦቱን አክብረው ይወጣሉ። ሰው ይሰግዳል። መምህሩም ስልኩን የዘጋው ሊሰግድ ነው።

ሦስት ጊዜ አየሁት። አውሮፕላኗና ታቦቱ በአንድ ጊዜ ውጭ አልነበሩም። ሁለቱ የሆኑት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነውና ሰው ሲያስታውስ አንድ ላይ አደረጋቸው።

ከዚያው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ለአደጋው መርማሪ ደወልኩ። ድምፁን የማያነሣ፣ ያላረጋገጠውን የማይናገር ሰው ነው፤ ከጥቂት ዓመት በፊት በሌላ ጉዳይ ተዋውቀናል። አውሮፕላኗ ከመሬት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገረችው አራት ሰዓት ሳይሞላ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ደኅና ነው መባሉን ነገረኝ። ስለ መንሥኤው ጠየቅሁት። የመጨረሻው ሪፖርት እስኪወጣ አልደመድምም ብሎ፣ የሚያውቀውን ግን በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ። ጓሳ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት እዚያ አይሰጥም፤ ክንፉም ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የዚያን ቀን ነፋሱ ሜዳውን አቋርጦ ጠርዙ ላይ ሲደርስ እንደ ውኃ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር። አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ፣ ዝግ ብላ ወደዚያ ገባች። ለመመለስ ስትል በጠባቡ ዞረች። ያጋደለው ክንፍ የሚሸከመው አየር አጣ። ለማቃናት ከፍታ ያስፈልጋል፤ ከፍታ አልነበረም።

«ከፍ ብለው ቢሆን ነፋሱ ያንገላታቸው ነበር እንጂ አይገድላቸውም» አለኝ። «እኛን የቸገረን እዚያ ዝቅታ ላይ ምን ይሠሩ ነበር የሚለው ነው። አንዴ አልፈው ነበር። ለምን ተመለሱ? የደብሩን ሰው ጠየቅን፤ አናውቅም አሉን።»

መሪውን የያዘው ማን ነበር አልኩት። አይታወቅም፣ የሚታወቅም አይመስለኝም አለ። የአሠልጣኙን ቤተሰብም ደውዬ ነበር። ባለቤቱ ለመናገር አቅም የለኝም አሉኝ፤ ደግሜ አልደወልኩም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቄሱ ቤት ሄድኩ። የድንጋይ ቤት ነው፣ ጣራው በጓሳ ሣር የተከደነ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ከምሰሶው ሥር የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ቀብሩ ላይ አይተውኝ ነበርና እንግዳ አልሆንኩም፤ ዳቦ ቀረበልኝ፣ ጠላም መጣ። ቄሱ ከጓሳው ቀን ይልቅ ሸብተዋል ብዬ በግራው ገጽ ጽፌያለሁ።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ልጅዎ በታቦት ላይ አልበረረም፣ ማስረጃ አለኝ ብዬ ጀመርኩ። ሰዓቱን ነገርኳቸው፣ ዝግ የነበረውን በር፣ ዲያቆኑን። እያዳመጡኝ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ደብተሬን ዘጋሁ።

«በኅዳር ሚካኤል ታቦቱ የሚወጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» አሉ። «አባቴም ሲያገለግሉ እንደዚያ ነበር። አንተ ስትቆጥረው አርባ ደቂቃ ቆይቷል። ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ነገሩን የነገሩኝ ቀስ ብለው ነው፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ልጃቸው ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ደውሎ ከአሠልጣኙ ጋር ለልምምድ በዚያ በኩል እንደሚያልፉ፣ አራት ሰዓት ገደማ እንደሚሆን ነግሯቸዋል። አባባ፣ ታቦት ከወጣማ አላልፍም፣ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው ብሎ ጠይቋል። እሳቸው ሦስት ሰዓት ተኩል አላሉትም። ና፣ እኔ አቆየዋለሁ አሉት። በዕለቱ ለገበዙ ጥላ ያዡ ዲያቆን አልደረሰም ብለው ነገሯቸው። ዲያቆኑ ከማለዳ ጀምሮ ደጁ ላይ ነበር። ገበዙ በመሪጌታዎቹ በኩል ስለነበሩ አላዩትም፤ ዲያቆኑም ቄሱ ቆይ ስላሉት ቆየ።

«ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው ፈልጌ ነው። ድሀ ቄስ ልጁን ለዚህ አበቃ እንዲባል። መጀመሪያ ሲያልፍ ሰው ከጽዱ ሥር ነበር፣ ፀሐይ ሸሽቶ፤ ከላይ ሲታይ ባዶ ነው። ታቦቱ በሰዓቱ ቢወጣ ሜዳው ነጭ በነጭ ይሆን ነበር፤ እሱም ከሩቅ አይቶ መንገዱን ይሄድ ነበር። ሰው ሲያጣ ጊዜ ነው የተመለሰ።»

የመጨረሻው የእሳቸው ግምት ነው። ያን ጊዜም እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው፤ ከአውሮፕላኗ ውስጥ ምን እንደታየ፣ ተመለስ ያለውም ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቀበሉኝም።

የሰዓቱን ነገር እንደምጽፍ፣ ለምን እንደቆየ ግን ካልፈቀዱልኝ እንደማልጽፍ ነገርኳቸው። ለምን ቆየ ብለው ሲጠይቁህስ አሉኝ። አልጻፍኩትም እላለሁ አልኳቸው። እንግዲያ ገበዙን ይጠይቃሉ አሉ። ነገሩ የገባቸው ከኔ ቀድሞ ነው። ታቦቱ አልወጣም ነበር ካሉ ልጃቸው ነፃ ይወጣል፤ ግን ሚካኤልን ለአውሮፕላን ያስጠበቀ ቄስ ማን ነው ይባላል። ዝም ካሉ ክህነታቸው ይተርፋል፤ ልጁ ታቦት የጣለው ተብሎ ይኖራል።

ባለቤታቸው እንዝርቱን አስቀመጡ።

«ልጄ ሞቶ ከሚታማ፣ እርስዎ ቆመው ይታሙ» አሉ።

እኔም ጠላዬን ጨርሼ ተነሣሁ። ቄሱ ደጅ ድረስ ሸኙኝ፤ ደርሰህ ደውል አሉኝ።

ጽሑፉን ጻፍኩ። ስለ ስሱ አየር፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጠባቡ ጥምዝ፣ ስለ ጠባቂዎቹ ቃል። ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «በተንቀሳቃሽ ምስል እንደተረጋገጠው አውሮፕላኗ በደብሩ ላይ ስታልፍ ታቦቱ ገና ከመንበሩ አልወጣም ነበር።» አዘጋጁ ሰረዛት። የአውሮፕላን አደጋ ነው የምንዘግበው፣ ታቦቱ ምን አገባው አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። የአንድ ቀበሌ ሐሜት አናስተባብልም አለ። በሙያው ደንብ ብዙም አልተሳሳተም። ጽሑፉ ያለ እሷ ወጣ። አንድ ቅጂ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላኩላቸው፤ ዓረፍተ ነገሯ እንደቀረችም በስልክ ነገርኳቸው። ደኅና፣ ከንግዲህ የኔ ነው አሉኝ።

በተከተለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። የነገሩኝ ገበዙ፣ መምህሩና ፈረስ ያስቀመጡኝ ገበሬ ናቸው፤ ለየብቻ ጠይቄአቸው ሦስቱም በነገሩ ተስማምተዋል። ቄሱ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆሙ። ካባም ጥምጥምም አላደረጉም። ታቦቱን ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ ልጄ ታቦት ከወጣ አላልፍም ብሎኝ ነበር አሉ። መምህሩ ቪዲዮውን ለማሳየት እጁን ሲያወጣ አያስፈልግም አሉት። ሕዝቡ ቀጥሎ ይሉታል ብሎ የጠበቀው ነገር ነበር፤ «ይቅር በሉኝ»። አላሉም። ሲያበቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኒያ በድንኳኑ ሰውየውን የዘለፉት አሮጊት ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ገበሬው ነግረውኛል። «እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ በዕለቱ ዲያቆኑን ደጁ ላይ አይቼዋለሁ። የጠየቀኝ የለም» ብለዋል። ይህን ከአሮጊቷ ከራሳቸው አላረጋገጥኩትም።

ከሳምንት በኋላ ቄሱ ራሳቸው ለመርማሪዎቹ ቃላቸውን ሰጡ። የስልኩን ንግግር ነገሯቸው። መርማሪው ደውሎልኝ ቃሉ መዝገቡ ውስጥ መግባቱን ነገረኝ። የመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፕላኗ ከበረራ እቅዷ ከፍታ በታች እንደነበረች፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ማለፏን፣ ሞተሩ እስከ ግጭቱ ድረስ ይሠራ እንደነበር፣ መሪውን ማን እንደያዘ ማረጋገጥ እንዳልተቻለ ይላል። አሠልጣኙ ዝቅ ብሎ መብረሩን ለምን እንደፈቀደ አይታወቅም ይላል። በዚህ ጽሑፍ ሰዓት የመጨረሻው ሪፖርት አልወጣም።

ቄሱ ከንስሐ አባታቸው ቀኖና ተቀብለዋል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅም አይደለም።

በሰኔ ሚካኤል ደብሩ ሄጄ ነበር። ታቦቱ የወጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አክብረው የወጡት ከሌላ ደብር የመጡ ቄስ ናቸው። የሠልጣኙ አባት ነጠላ አጣፍተው ከወንዶቹ ረድፍ፣ ከኋላ ቆመዋል፤ በስተቀኛቸው ባለፈረሱ ገበሬ፣ በስተግራቸው አንድ አባት ሕፃን ልጁን አቅፎ። ዑደቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።